አሥር የጥድ ቋሚ

አናጢ ላቀው ውሸታም ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ዛሬ በአርብ ገበያ ከተማ ስሙን የሚያነሳ ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ሌባ ሆኖ እንደወጣ አድርጎ ነውና የሚያወራው። ሐሜት አንዴ ከጀመረ አይታክተውም። ላቀው በሃምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው አንድ ጊዜ ሰረቀ፣ አንድ ጊዜ ዋሸ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ መናገር ሲገባው ዝም አለ። አራቱም በአንድ ቤት ላይ ነው። የቀረውን ዘመኑን መጋዝና መጥረቢያ ይዞ የሰው ቤት ሲያቆም ኖረ። ሰው እንጨት ሊገዛ ሲሄድ እሱን አስከትሎ ይሄዳል። ላቀው በመዶሻ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ደኅና ነው» ካለ እንጨቱ ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ስለዚህም በሚያዝያ ወር መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ የካሳ ገማቾች ወደ ከተማው ሲመጡ፣ የሕዝብ ተወካይ ሆኖ አብሯቸው የሚዞር ሽማግሌ ምረጡ ቢባል የማንም አፍ ወደ ሌላ ሰው አልሄደም። ከደብረ ታቦር የመጣችው መሐንዲስ መዓዛ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ግን ቀልድ አታውቅም። ሜትሯን ዘርግታ፣ ለክታ፣ ጽፋ፣ የጻፈችውን ለባለቤቱ አንብባ፣ አስፈርማ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች።

የግምቱ ሕግ ለገበሬም ለነጋዴም የሚገባ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ይፈርሳል፤ ባለቤቱ የቤቱን ግምት በገንዘብ ይቀበላል፤ ከከተማው ጀርባም ምትክ ቦታ ይመራለታል። ጣጣው ፍርስራሹ ላይ ነው። ቤት ሲፈርስ ዕቃው ሁሉ አፈር አይሆንም፤ ዳግመኛ የሚያገለግል ይተርፈዋል። ባለቤቱ ፍርስራሹን ራሴ እወስዳለሁ ካለ የፍርስራሹ ዋጋ ከካሳው ይቀነስበታል። ለዶዘሩ ትቼዋለሁ ካለ ሙሉ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፈው ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው፤ ዋጋ አይጻፍለትም፣ አይቀነስበትም። ጥድ ግን ሌላ ነው። ጥድ ከአባት ለልጅ የሚሻገር እንጨት ነው፤ በዚያ ላይ ዛሬ ቁረጥ ብሎ የሚፈቅድ ስለሌለ በገንዘብም አይገኝም። ቅጹ ላይ ጥድ ተብሎ ከተጻፈ የሚቀነሰው ብዙ ነው።

በሦስተኛው ቀን የይታይሽ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ላቀው ከሌሎቹ ኋላ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ ተራው እየደረሰ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ማወቁ አላገዘውም።

ይታይሽ አርብ አርብ ምስርና ባቄላ እየቸረቸረች አንድ ልጇን ያሳደገች መበለት ናት። ልጇ ጌታነህ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ ሥራ ፈልጎ፣ አጥቶ፣ አሁን የእናቱን ጆንያ ይሸከማል። ባሏ ፈንታው ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ቤቱን ከሃያ አራት ዓመት በፊት ለፈንታው የሠራለት ላቀው ነው። ነገሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ፈንታው የቤተ ልሔም ደብር መምህር የነበሩት የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ልጅ ነበር። መሪጌታ ሲያርፉ፣ ስንት ደቀ መዝሙር ያፈሩበት ቤታቸው ፈረሰና ልጆቻቸው እንጨቱን ተካፈሉት። ለፈንታው አሥር ቋሚ ደረሰው፤ አሥሩም ጥድ፣ አሥሩም ከራሳቸው ዝቅ ብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስቀል ያለባቸው። መስቀሉን መሪጌታ በገዛ እጃቸው ነበር የተኮሱት፤ ቤት በእንጨት ብቻ አይቆምም ይሉ ነበር አሉ። በእነሱ ወገን አባት በኖረበት ቋሚ ላይ ካልቆመ የልጅ ቤት እንደ ቤት አይቆጠርም። ፈንታው ወዳጅ ዘመዱን ለምኖ አሥሩን ቋሚ በሰው ትከሻ ከቤተ ልሔም ወደ አርብ ገበያ አስመጣና ለላቀው አስረከበው።

ላቀው ያን ጊዜ ዘግይቶ ያገባ ሙሽራ ነበር። ሚስቱን የኔነሽን ይዞ በሰው ቤት ጓሮ ተከራይቶ ይኖራል። ከላይኛው ሰፈር ቦታ አለው፤ የሚያቆምበት እንጨት ግን የለውም። ለሰው ሁሉ ቤት እየሠሩ ራስ ቤት አልባ መሆን ይመራል፤ መምረሩ ግን ሌብነቱን ጽድቅ አያደርገውም። ፈንታው ገብሱን ሊወቃ ወደ አውድማው በሄደ ሳምንት ላቀው ሁለቱን ጥድ በሩ ግራና ቀኝ አቆመ። በር የገባ የወጣው ሁሉ የሚያየው ነው። በቀሩት ስምንት ቦታዎች ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ፤ እግራቸውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባቸው። ፈንታው ከመመለሱ በፊትም ሰው ጠርቶ፣ የበሩን ሁለት ቋሚ ብቻ ትቶ፣ ግድግዳውን በጭቃ አስመረገው። ስምንቱ ጥድ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደው የላቀው ቤት ቋሚ ሆኑ። መስቀሎቹን ሊልጋቸው መላጊያውን አንስቶ ነበር፤ እጁ እምቢ አለው። እነሱንም በጭቃ ሸፈናቸው።

ባሕር ዛፍም ቢሆን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይቆማል ብሎ ራሱን አባበለ። ራሱን ማባበል ያቃተው ሌባ እስካሁን አልተወለደም።

እና አሁን መዓዛ ሜትሯን ጠቅልላ ቋሚው ምን እንጨት እንደሆነ ስትጠይቅ ይታይሽ ቀድማ መለሰች። የአማቷ የመሪጌታ ጥድ ነው፣ አሥር ነው፣ ከቤተ ልሔም በሰው ትከሻ ነው የመጣው አለች፤ ስትናገር አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። መዓዛ በሩ አጠገብ ያለውን ቋሚ በመዶሻዋ ጫፍ ፈቅፈቅ አደረገችው። ቀዩ እንጨት ብቅ አለ። ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ ጥድ ነው። ከዚያ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞር አለችና አንዱን የኋላ ቋሚ ደግሞ ከፍቼ ልየው አለች።

ላቀው ምን እንደሚል ሳያስብ ተናገረ።

«ምን ያደክምሻል ልጄ? እኔ ነኝ ያቆምኩት። አሥሩም አንድ ናቸው።»

መዓዛ አየችው። ሁለት ቀን አብሯት ዞሯል፤ አንድም ቤት ላይ ሲያጋንን ወይም ሲያሳንስ አላገኘችውም። «ቋሚ፣ ጥድ፣ አሥር» ብላ ጻፈች። የላቀው ውሸት ይህች ብቻ ናት። ዋጋዋን ግን የምትከፍለው ይታይሽ ናት፤ ፍርስራሹን እወስዳለሁ ካለች ከካሳዋ ሲሶ ያህሉ ይቀነሳል።

መዓዛ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ብዕሩን ከመስጠቷ በፊት ይታይሽን እንጨቱን ትተሽ ገንዘቡን ብትወስጂ ይሻልሻል ብላ መከረቻት። በአራት ዓመት ሥራዬ ከጭቃ ውስጥ የሚወጣ እንጨት ብዙ ሰው ሲያስደነግጥ አይቻለሁ አለቻት። ላቀውም በዚህ ጊዜ ቀዳዳ የተከፈተለት መስሎት ልቡ ዘለለ። ገንዘቡን ከያዘች ዶዘሩ ሁሉን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ማንም ምንም አያይም። ገንዘቡም ክፉ አይደለም፣ ለቆርቆሮ ይሆንሻል ብሎ ጀመረ። ይታይሽ አላስጨረሰችውም።

«ጌታነህ ቤት የሚያቆመው በአያቱ ቋሚ ላይ ነው» አለች። «አባቱ ሌላ የተወለት ነገር የለም። ይሄን ለዶዘር ልስጥ?»

የሰፈሩ ሰው ይሁኔ፣ ቀበሌውን ወክሎ አብሯቸው የሚዞረው፣ ደግ ተናገርሽ አላት። ይታይሽ ፈረመች፤ ሲሶውም ተቀነሰባት። ላቀው እንደ ምስክር ከሥሯ ፈረመ።

ቤቱን ለማፍረስ እስከ ግንቦት ማብቂያ ቀን ተሰጣት። ከዚያ ሰኔ ነው፤ ከሰኔ በኋላ ዝናቡ ሰው አይጠብቅም። አዲሱ ቤት ክረምት ሳይገባ ካልቆመ እናትና ልጅ ሜዳ ላይ ናቸው። ይታይሽ ጠላ ጠምቃ ሰፈሩን ጠራች፤ ሃያ የሚሆን ሰው መጣ። በመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮው ወረደ፤ ምስማሩ ሳይቀር ተለቅሞ በጣሳ ተቀመጠ። ላቀው ከሰዎቹ ጋር ዋለ። ልቅር ቢል እሱ የሌለበት ቤት ማፍረስ በአርብ ገበያ ታይቶ ስለማይታወቅ ምን ሆኖ ነው ይባላል። ደግሞም ግድግዳው ተገፍፎ ነገሩ ሲገለጥ ምን እንደሚል አዘጋጅቶ ነበር። ምስጥ ገብቶበታል ይላል። ምስጥ ማንንም አይምርም ይላል። ጥድን ምስጥ እንደማይደፍረው የሚያውቅ ሰው ቢኖርስ? ሁሉም ያውቃል። ሌላ የሚለው ግን አላገኘም።

በማግስቱ ጠዋት የጣሪያውን ወራጅ እንጨት ለማውረድ ጌታነህ ራሱ ወጣ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሽማግሌ ወድቆ እንዳይሰበርብኝ ብሎ ሰዎቹን አሳቃቸው። በኋላው ማዕዘን በኩል ተንጠላጥሎ አግዳሚው ላይ ቆመና በመዶሻ ወራጁን ከሥሩ ያላቅቅ ጀመር። በእያንዳንዱ ምት ግድግዳው ይነዝራል። ላቀው ከታች ቆሞ የማዕዘኑን ቋሚ እግር ያይ ነበር። ከመሬቱ ጋር ከሚገናኝበት ላይ ጭቃው ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ደረቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ፈሰሰ። አናጢ ያን ዱቄት ሲያይ የሚያደርገው ይታወቃል። ሰውየውን ያወርዳል፣ ድጋፍ ያቆማል፣ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል።

«በፊት ድጋፍ ይቁምለት» አለ ላቀው።

ይሁኔ ዞሮ አየው። «ለጥድ ድጋፍ?» አለ። «አያ ላቀው፣ የራስዎን ሥራ መፍራት ጀመሩ?»

ሰው ሳቀ። ጌታነህም ከላይ ሆኖ ሳቀ፤ የአያቴ ጥድ እንኳን እኔን በሬ ይሸከማል ብሎ አግዳሚውን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነበር። ጥድ አይደለም ማለት ብቻ። ላቀው አፉን ከፈተ። ሃያ ሰው ቆሞ ነበር፤ ይታይሽም ለሠራተኛው ውኃ ይዛ በጓሮው በኩል እየመጣች ነበር። የሃያ አራት ዓመት ስሙ፣ ቅጹ ላይ ያኖረው ፊርማ፣ የኔነሽ ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡበት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሱም ዝም አለ፤ ልጁ ቶሎ ጨርሶ ይወርዳል፣ ይህችን ብቻ ይለፍ ብሎ በልቡ ለመነ።

ቋሚው ከእግሩ ተቀነጠሰ። አግዳሚው ተከትሎት ወረደ፤ ልጁ አብሮ ወረደ፤ የኋላው ግድግዳ ከነድንጋዩ በላዩ ላይ ተናደ። አቧራው ሳይበተን ሰው ሁሉ በእጁ ይምስ ጀመር። ላቀውም ማሰ፤ ጥፍሮቹ ተነቅለው ሲደሙ አላወቀውም። አውጥተው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው እየሮጡ ሲወስዱት ጌታነህ ገበያው ሜዳ ላይ ሲደርሱ አረፈ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ መንገዱን ሊጠርጉ ሲመለሱ ይሁኔ ከፍርስራሹ ውስጥ የተሰበረውን ቋሚ አነሳ። ነጭ ነው፤ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። ሁለተኛውን አነሳ፤ እሱም ያው ነው። ይህማ ባሕር ዛፍ ነው አለ። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ላቀው ዞረ።

ላቀው በዚያች ቅጽበት ያልቅልኛል ብሎ ነበር፤ እውነት ለመናገር ግማሽ ጎኑ እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር። ግን ሰው የሚያከብረውን ሰው ሲጠረጥር ለራሱ ያፍራል፤ እናም መውጫውን ራሱ ይሁኔ ሠራለት። ፈንታው መጠጥ ይወድ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን አለ። የአባቱን ጥድ ሸጦ ጠጥቶት፣ በምትኩ ባሕር ዛፍ አምጥቶ አያ ላቀውን አቁሙልኝ ብሏቸው ይሆናል። አናጢ የሰጡትን ነው የሚያቆመው። አያ ላቀውም ያቺን መሐንዲስ አሥሩም አንድ ናቸው ያሏት የሟችን ነውር በመበለቲቱ ፊት ላለማውጣት ነው።

«አይደለም እንዴ?» አለው ይሁኔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ላቀው አቀረቀረ። ማቀርቀሩን አዎን ነው ብለው ወሰዱት። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ሌላው እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል ሲል ሰማው።

ወሬ እግር የለውም ግን ይቀድማል። ለቅሶው ድንኳን ሲደርሱ ይታይሽ ሰምታለች። ፊቷን ነጭታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ወንዶቹ ተርታቸውን ይዘው ከተቀመጡ በኋላ መቃብሩ ከአባቱ ጎን ይቆፈር ወይ ብለው ቢጠይቋት ልቅሶዋን ገታች።

«ከዚያ ሰው ጎን ልጄን አላስተኛም» አለች። «የአባቱን ቋሚ ሸጦ ልጁን ገደለው። ብቻውን ይተኛ። ለልጄ ሌላ ቦታ ቆፍሩልኝ።»

ቄሱ ሊያባብሏት ሞከሩ፣ የሞተ አይወቀስም አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ከዚያ ዓይኗ ላቀውን ፈልጎ አገኘው። የሬሳ ሳጥኑን አንቱ ይሥሩልኝ አለችው። ቀጥላም በዚያ ቀን ከሰማው ሁሉ ይበልጥ የጎዳውን ነገር ተናገረች።

«አንቱ ግን እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ላቀው። ነውሬን ሸፍነውልኝ ነበር።»

ላቀው ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። ከሰረቀ በኋላ ሃያ አራት ዓመት እንቅልፉን ተኝቷል። በዋሸበት ቀን እንኳ ምሳውን በልቷል። ይህ ግን የሚዋጥ አልነበረም። ፈንታው ጠጪ ነበር፤ እውነት ነው። ግን አሥሩን ቋሚ ከቤተ ልሔም ያስመጣ ቀን ትከሻው ቆስሎ ደም ይዞ ነበር፤ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ እየዳሰሰ ይሄ አባቴ ነው፣ ይሄ አባቴ ነው ሲል ላቀው በዓይኑ አይቶታል። አሁን ያ ሰው በመቃብሩ ውስጥ ሆኖ የልጁ ገዳይ ተባለ፤ ሚስቱ ጠላችው፤ ልጁም ሊሸሸው ነው።

የኔነሽ ሲገባ አየችው። ስለ እነዚያ እንጨቶች በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጠይቃው አታውቅም፤ መልሱን ስለምታውቀው ነው ያልጠየቀችው። ላቀው ከጓሮው ሁለት ጠንካራ ባሕር ዛፍ አምጥቶ ከጣሪያው ሥር አስገባ፤ በቁራጭ እንጨት አጠበቃቸው። በፊት ድጋፉን አቆመ ማለት ነው። ለራሱ ቤት አልረሳውም፤ ይህን ሲያስብ እጁ ለጊዜው ሥራ አቆመ። ከዚያ መሮውን አንስቶ የጓዳውን ግድግዳ ጭቃ ያፈርሰው ጀመር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው የኔነሽ።

«የሰው ዕቃ ልመልስ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቀህ ዛሬ?»

ላቀው ጭቃውን ማፍረሱን ቀጠለ። እሷም ነጠላዋን አጥብቃ አስራ እሱ ሲቆርጥ ቋሚውን ያዘችለት። ሁለት ቋሚ ወጣ። ሃያ አራት ዓመት ጭቃ ውስጥ ኖረው እግራቸው እንኳ አልጠቆረም፤ መጋዝ ሲነካቸው ሽታቸው ቤቱን ሞላው። በማለዳ ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወስዶ አሰነጠቃቸውና ቀጥታ መሥራት ያዘ። ጎኑን፣ ታችኛውን፣ ራስጌውን ሠራ። ክዳኑን የሠራው ከሁለቱ ቋሚዎች የውጭ ገጽ በተሰነጠቁት ጣውላዎች ነው። በእነሱ ላይ የመሪጌታ መስቀሎች ነበሩ፤ ጥቁር፣ ጥልቅ፣ እንደተተኮሱ። ሁሉንም ጣውላ ላገ፤ መስቀሎቹ ጋ ሲደርስ መላጊያውን አነሳ።

ሳጥን በጨርቅ ይለበሳል። ላቀው አላለበሰውም። በሁለት ሰው አሸክሞ ወደ ድንኳኑ ይዞት ሲመጣ ሴቶቹ ጨርቁ የታለ ብለው አጉረመረሙ፤ ለድሃ እንኳ እንዲህ አይደረግም አለች አንዷ። ይሁኔ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብሎ ሊቆጣ ሲል ድንገት ቆመ። አፍንጫው ነው ያስቆመው።

ይታይሽ ተነሳች። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት መጣች። መጀመሪያ ሽታውን ሳበች። ከዚያ እጇን ክዳኑ ላይ አደረገችና በጣቷ አንዱን መስቀል ዙሪያውን ተከተለችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን። በሙሽርነቷ ዘመን ባሏ እነዚህን ምልክቶች እያስነካ አሳይቷት ነበር። በሯ ላይ ያሉትን ሁለቱን ለሃያ አራት ዓመት ስትወጣ ስትገባ አይታቸዋለች፤ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ አሁንም ከፍርስራሹ ጋር ተጋድመው ከመንገዱ ዳር አሉ። የተረዳ ተረድቷል፤ ያልተረዳውም ከጎረቤቱ ፊት አነበበው።

«እነዚህ ሁለት ናቸው» አለች ይታይሽ። «ስድስቱስ?»

«ቤቴ ናቸው» አለ ላቀው። ድምፁ እንደሚሰማ እርግጠኛ ስላልነበረ ደገመው። «ቤቴ ቆመውበታል። ፈንታው አልሸጠም። እኔ ነኝ የወሰድኳቸው።»

አንድ ሰው ሊመታው ተነሳ፤ ቄሱ ያዙት። ላቀው ዱላውን ጠብቆ ነበር፤ ዱላ ቢመጣ ይቀልለው ነበር። ይታይሽ ግን አላየችውም። ፊቷን ወደ ቆፋሪዎቹ አዞረችና፣ የቆፈሩትን ጉድጓድ እንዲደፍኑት ነገረቻቸው።

«ከአባቱ ጎን አድርጉልኝ» አለች። ቀጥላም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅር በለኝ ፈንታው» አለች።

ያን ጊዜ ላቀው ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ስድስቱንም ዛሬውኑ ነቅሎ እንደሚያመጣላት፣ ቤቷን በነጻ እንደሚያቆምላት፣ የተቀነሰባትንም እንደሚመልስ፣ ቃል በቃል ላይ እየደራረበ ተናገረ። ይታይሽ እስኪጨርስ ጠበቀችው። እንደ ሽማግሌ አክብራ፣ አንቱታዋን ሳትቀንስ መለሰችለት።

«እንዳይነቅሏቸው። እኔ ለማን ቤት ላቁም? እዚያው ይቁሙ። አንቱ ይኑሩባቸው።»

ጌታነህ በዘጠኝ ሰዓት ከአባቱ ጎን ተቀበረ። ላቀው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ፍታቱን ሰማ፤ ግባ ያለው ሰው አልነበረም፣ ሂድ ያለውም አልነበረም።

በሰኔ ዶዘሩ መጥቶ የተረፈውን ግድግዳ ገፋው። ይታይሽ ዘመዶቿ ዘንድ ቤተ ልሔም ሄደች፤ ስትሄድ ሁለቱን የበር ቋሚዎች ብቻ አሸክማ ወሰደች። ምትክ ቦታው ላይ አረም በቅሎበታል። መዓዛ ነገሩን ስትሰማ እንደገና መጥታ ቅጹን ልታስተካክል፣ የተቀነሰውንም ልታስመልስ ብዙ ደከመች፤ ገንዘቡ ወጣ፣ የሚቀበል ሰው ግን አልመጣም። ይሁኔ አሁን ለሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር ይላል።

ላቀውን እንጨት እይልን ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። ይሁንና ማንም ፊት ለፊት አልሰደበውም፤ ሰላምታም አልነፈጉትም። ቀኑን ቤቱ ይውላል። የቀሩትንም ስድስት ቋሚዎች ጭቃ ገፍፎታል፤ የኔነሽ ግድግዳውን መልሰን እንምረገው ብትለው እምቢ ስላለ እንዲሁ ተገልጠው ቆመዋል፤ መስቀሎቻቸውም ይታያሉ። ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ነው። በላይኛው ሰፈር የስንቱ ቤት ዘመመ፣ የስንቱ ጣሪያ አፈሰሰ። የላቀው ቤት አንዲት ጠብታ አላስገባም።